ስሪ ፌዝ ሞተርን በሲንግል ፌዝ ማሠራት፦ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት

(ከዚህ በታች የቀረበው በካኩማ ካምፕ ለኤሌክትሪክ ሥራ ተማሪዎችና ለአነስተኛ ንግድ ማኅበራት አባላት በአንድ መምህር የተሰጠ ንግግር ነው። በዕለቱ መገኘት ያልቻሉ ነዋሪዎች እንዲጠቀሙበት በማለት ከጥያቄና መልሱ ጋር አትመነዋል። - አዘጋጁ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሞተር ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሞተር ውስጥ ያለው የእቁብ ገንዘብ፣ የልጆች ደብተርና የቤት ወጪ ስለሆነ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ብቻ አይደለም።

እንደሚታወቀው ይህ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈትና በ1993 ከዋልዳ ካምፕ የመጡት ወገኖቻችን ሲሠፍሩ፣ ብዙዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ዳቦ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ወፍጮ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ ከፈቱ። ዛሬም ቢሆን ማኅበር አቋቁሞ፣ እቁብ ጥሎ፣ አንድ ማሽን ገዝቶ ለመሥራት የሚፈልግ ብዙ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ማሽኑ ሲገዛ ነው። በኪታሌም ሆነ በኤልዶሬት ወይም በናይሮቢ ከፋብሪካና ከጋራዥ የወጣ አሮጌ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ስሪ ፌዝ ነው። ቤቱ ስሪ ፌዝ የሌለው ገዢ ስለማይፈልገው ዋጋው ይቀንሳል። እኛ ደግሞ ርካሽነቱን አይተን እንገዛለን። መኪና ላይ ተጭኖ ካምፕ ከደረሰ በኋላ ግን ከነጋዴው ጀነሬተር ወደ ቤታችን የመጣው ሽቦ ሁለት ብቻ መሆኑን እናስታውሳለን፤ አንድ ፌዝና አንድ ኒውትራል።

ከዚያ በኋላ አንድ ልጅ ይጠራል። ካፓሲተር ያስገባና ሞተሩ ይነሣል። ሁሉም ያጨበጭባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው፦ የተነሣ ሞተር ሁሉ የሚሠራ ሞተር አይደለም። ስሪ ፌዝን በሲንግል ፌዝ ማሠራት ይቻላል፤ የታወቀ መንገድም አለው። ነገር ግን ከጉልበቱ የሚጎድል አለ። የሚጎድለውን አስቀድሞ ያሰበ ይጠቀማል፤ ያላሰበ ገንዘቡን ያቃጥላል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ

ካፓሲተር ከመፈለጋችሁ በፊት ወደ ጀነሬተሩ ባለቤት ሂዱና አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ጀነሬተርዎ ስሪ ፌዝ ነው ወይስ ሲንግል ፌዝ?» ለብዙ ሱቅ መብራት የሚሰጥ ከፍ ያለ የናፍጣ ጀነሬተር አብዛኛውን ጊዜ ስሪ ፌዝ ነው። ባለቤቱ ሦስቱን ፌዝ ለሦስት ሰፈር ከፍሎ ያከፋፍላል እንጂ ከጀነሬተሩ የሚወጣው አራት ሽቦ ነው። እንዲህ ከሆነ ከማሽኑ ጋር ከመታገል ይልቅ አራቱን ሽቦ እስከ ቤታችሁ ማስመጣት ይሻላል። የኬብል ዋጋ አንዴ ይከፈላል፤ ሞተሩም ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል።

ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሌላም ጥቅም አለው። 10 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚል ስሪ ፌዝ ጀነሬተር በአንዱ ፌዝ ላይ ሊሰጥ የሚችለው ሲሶውን፣ ማለትም 3.3 ገደማ ብቻ ነው። ያንኑ ፌዝ ደግሞ ሌሎች ሱቆች ፍሪጅና ቴሌቪዥን ሰክተውበታል። ስለዚህ «ጀነሬተሩ ትልቅ ነው፣ የእኔን ሞተር ይችላል» የሚለው አነጋገር ሳይሰላ የሚባል አይደለም።

አራት ሽቦ ማምጣት የማይቻል ከሆነ፣ ወይም ኃይሉ በእርግጥ ሲንግል ፌዝ ብቻ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ለእናንተ ነው።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

በሲንግል ፌዝ መስመር ኃይሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወደፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። ሞተር ውስጥ ሲገባም የሚፈጥረው የማግኔት ኃይል በአንድ መስመር ላይ የሚሄድና የሚመለስ ነው። የእጅ ወፍጮ የምታውቁ እናቶች ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። እጀታውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ብትገፉትና ብትስቡት ድንጋዩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። ድንጋዩ አስቀድሞ እየዞረ ከሆነ ግን በየዙሩ አንድ ግፊት ቢያገኝም ይቀጥላል። ሲንግል ፌዝ ብቻ የገባበት ስሪ ፌዝ ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ያጉረመርማል፣ አይነሣም።

ስሪ ፌዝ ማለት ደግሞ ሦስት ሰዎች በወፍጮው ዙሪያ በእኩል ርቀት ቆመው ተራ በተራ እንደመግፋት ነው። አንዱ ሲጨርስ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ሲጨርስ ሦስተኛው ይቀበላል። ማግኔቱ ራሱ ይዞራል፤ የሞተሩም ዘንግ ይከተለዋል። ስለዚህ ስሪ ፌዝ ሞተር ያለ ምንም መርጃ ይነሣል፣ ቀላል ነው፣ ይበረታል።

ይህን ሞተር ለሥራ ያበቁት ሰዎች ታሪክ እኛን በተለይ የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 የዛሬውን ዓይነት ስሪ ፌዝ ሞተር የሠራው ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ የሩሲያ ተወላጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በፖለቲካ ምክንያት ከሪጋ ትምህርት ቤት ተባርሮ ጀርመን አገር ሄዶ የተማረ ሰው ነው። ስሪ ፌዝን በአንድ ካፓሲተር በሲንግል ፌዝ ማሠራት ደግሞ የስታይንሜትዝ ግንኙነት ተብሎ በቻርልስ ስታይንሜትዝ ስም ይጠራል። ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. በ1865 በብሬስላው ተወለደ። በ1888 በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት እንዳይታሰር ከአገሩ ሸሽቶ ወደ ስዊዘርላንድ፣ በ1889 ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ጀርባው ጎባጣ፣ ቁመቱ አጭር፣ ኪሱም ባዶ ነበር። እንደ እኛ ስደተኛ ነበር ማለት ነው። ይህን የምናገረው ለተማሪዎቼ ነው፤ ከአገር መውጣት ከትምህርት መውጣት አይደለም።

ታርጋውን ማንበብ

በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ትንሽ የብረት ታርጋ አለ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ታርጋ በጨርቅ ጠርጋችሁ አንብቡ። ታርጋ የሌለው ሞተር ማንነቱ እንደማይታወቅ እንግዳ ነው፤ ካላወቃችሁት አትግዙት። የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ጉልበቱ። በኪሎ ዋት ወይም በፈረስ ጉልበት ይጻፋል። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ስለዚህ 2 የፈረስ ጉልበት 1.5 ኪሎ ዋት፣ 3 የፈረስ ጉልበት 2.2 ኪሎ ዋት፣ 10 የፈረስ ጉልበት 7.5 ኪሎ ዋት ያህል ነው።

ሁለተኛ፣ ቮልቱ። ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። «220/380» ወይም «240/415» የሚል ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ትርጉሙ ሞተሩ በዴልታ ሲታሰር ትንሹን ቮልት፣ በስታር ሲታሰር ትልቁን ቮልት ይፈልጋል ማለት ነው። ዴልታ በሦስት ማዕዘን ምልክት፣ ስታር ደግሞ በፈረንጅ ዋይ ፊደል ይመለከታል። «380/660» ወይም «415/720» የሚል ከሆነ ግን ለእኛ አይሆንም። እንዲህ ያለውን ሞተር በ240 ቮልት ብታሠሩት የሚያገኘው ከሚፈልገው ቮልት ከ58 እስከ 63 በመቶውን ነው። የሞተር የመጠምዘዝ ኃይል ደግሞ የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ (ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ) ስለሆነ የሚተርፈው ከሲሶ እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው። የሚሸጥላችሁ ሰው «ይሠራል» ቢላችሁ ባዶውን ይዞራል እንጂ እህል አይፈጭም።

ከኢትዮጵያ የመጣ ሞተር 220/380 ይላል፤ የኬንያ ኃይል ግን 240/415 ነው። ልዩነቱ 9 በመቶ ያህል ነው። ይህ ሞተሩን ወዲያው አይጎዳውም፤ ግን ይበልጥ ስለሚያሞቀው ጭነቱን አታብዙበት።

ሦስተኛ፣ አምፔሩ። ከትንሹ ቮልት ጋር የሚነበበውን አምፔር ጻፉት። በኋላ ሞተሩ ጤነኛ መሆን አለመሆኑን የምናውቀው በዚህ ቁጥር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሽቦ መገናኛውን ክዳን በካቻቢቴ ፍቱና ውስጡን ተመልከቱ። ስድስት ብሎኖች ካሉ ዴልታ ማሰር ይቻላል። ሦስት ሽቦ ብቻ የወጣለት ሞተር ከሆነ ግን ስታሩ በውስጥ ታስሮ ሊሆን ይችላል። ያንን ለማውጣት ሞተሩ መከፈት አለበት። ይህ የባለሙያ ሥራ ስለሆነ ወጪውን በዋጋው ላይ ደምሩ።

በካፓሲተር ማሠራት

ይህ መንገድ ለትናንሽ ሞተሮች ነው፤ በእኔ ምክር እስከ 1.5 ኪሎ ዋት፣ ቢበዛ 2.2 ኪሎ ዋት። በተለይም ሲነሣ ከባድ ጭነት ለሌለበት ሥራ ይስማማል፤ ለምሳሌ የመሳያ ድንጋይ፣ የእንጨት መሰርሰሪያ፣ ትንሽ የውሃ ፓምፕ፣ ቺንጋው የሚላላለት ትንሽ ማሽን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከላይ ያሉት ብሎኖች ዩ1፣ ቪ1፣ ደብሊዩ1 ሲባሉ፣ ከታች ያሉት በቅደም ተከተል ደብሊዩ2፣ ዩ2፣ ቪ2 ናቸው። ሦስቱን የመዳብ ቁራጮች ላይና ታች ቀጥ አድርጋችሁ ስታስሩ ዴልታ ይሆናል። ከዚያ ፌዙን በዩ1፣ ኒውትራሉን በቪ1 ላይ እሰሩ። ደብሊዩ1 መስመር የለውም፤ በእርሱና በዩ1 ወይም በቪ1 መካከል ካፓሲተሩ ይገባል። ካፓሲተሩ የኃይሉን ጊዜ ስለሚያዛንፈው በወፍጮው ዙሪያ የጎደለውን ሦስተኛ ሰው ይተካል። ሞተሩ ወደማትፈልጉት አቅጣጫ ከዞረ ካፓሲተሩን ከዩ1 አንሥታችሁ ወደ ቪ1 አዛውሩት፤ ይገለበጣል።

የካፓሲተሩ መጠን በ220 እና በ240 ቮልት አካባቢ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት 70 ማይክሮፋራድ ያህል ነው። ለ0.75 ኪሎ ዋት ሞተር 50፣ ለ1.1 ኪሎ ዋት ሞተር 75 ወይም 80፣ ለ1.5 ኪሎ ዋት ሞተር 100 ይሆናል። አንድ ትልቅ ካልተገኘ ሁለት ትናንሾችን ጎን ለጎን በማሰር ይደመራሉ፤ 40 እና 40 ሲታሰሩ 80 ይሆናሉ። ካፓሲተሩ ለተለዋዋጭ ኃይል የተሠራ፣ ሁልጊዜ ውስጥ ለመቆየት የሚችል የሞተር ካፓሲተር መሆን አለበት። በላዩ ላይም 450 ቮልት መጻፍ ይኖርበታል። «መስመሩ 240 ነው፣ 250 የሚለው ይበቃል» አትበሉ። ሞተሩ ባዶውን ሲዞር በካፓሲተሩ ላይ ያለው ቮልት ከመስመሩ በላይ ይወጣል።

አሁን የሚጎድለውን እንቁጠር። በዚህ ዓይነት የታሰረ ሞተር በታርጋው ላይ ከተጻፈው ጉልበት የሚሰጠው 70 በመቶ ያህሉን ነው። 1.1 ኪሎ ዋት የነበረው 0.77 ኪሎ ዋት ሆነ ማለት ነው። ሲነሣ ያለው ኃይል ደግሞ ከዚህም ያነሰ፣ ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ ሥራው 1.1 ኪሎ ዋት ከፈለገ ከ1.5 ኪሎ ዋት ከፍ ያለ ሞተር ግዙ። ለማስነሣት ብቻ ተጨማሪ ካፓሲተር የሚያስገቡ አሉ፤ ይህም ትክክል ነው። ሆኖም የማስነሻው ካፓሲተር ከሁለት ከሦስት ሴኮንድ በኋላ በማብሪያ ወይም በሪሌ መውጣት አለበት። ረስቶ የተወው ሰው ካፓሲተሩ ሲፈነዳ ያስታውሳል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ካፓሲተሩ ሦስቱን መጠምጠሚያ እኩል የሚያደርገው በአንድ የጭነት መጠን ላይ ብቻ ነው። ለሙሉ ጭነት የተመረጠ ካፓሲተር ሞተሩ ባዶውን ሲዞር አንዱን መጠምጠሚያ ከመጠን በላይ ያሞቀዋል። ስለዚህ «ሥራ የለም፣ ይዙር ብቻ» ብሎ ለረጅም ጊዜ መተው ሞተሩን ማሳረፍ አይደለም፤ ማጥፋት ነው። ሥራ ከሌለ ይጥፋ።

ሲያልቅም በአምፔር መለኪያ ሦስቱንም ሽቦ አንድ በአንድ ለኩ። አንዱም ከታርጋው አምፔር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ጭነቱን ወይም ካፓሲተሩን ቀንሱ። «እጄን አስቀምጬበት አየሁት፣ ይሞቃል» የሚለው መለኪያ አይደለም፤ ጤነኛ ሞተርም እጅ እስከማያስቀምጥ ድረስ ይሞቃል። ሞተሮች የሚሠሩት በዙሪያቸው ያለው አየር ከ40 ዲግሪ እንደማይበልጥ ታስቦ ነው። ካኩማ ደግሞ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። የመጠምጠሚያው ሙቀት ከተፈቀደለት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። ጥላ፣ ነፋስና ከአቧራ የጸዳ ማቀዝቀዣ ከካፓሲተሩ እኩል አስፈላጊዎች ናቸው።

በኢንቨርተር ማሠራት

ሁለተኛው መንገድ ቪኤፍዲ የሚባለው የሞተር ኢንቨርተር ነው። ከባትሪ 220 ቮልት ከሚያወጣው የሶላር ኢንቨርተር ጋር አታምታቱት። ይህኛው ሲንግል ፌዝ ተቀብሎ በውስጡ ወደ ቀጥተኛ ኃይል ይለውጥና እንደገና ሦስት ፌዝ አድርጎ ያወጣል። ከካፓሲተሩ የሚሻልበት ነገር ብዙ ነው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ለመስጠት ይችላል፤ ቀስ ብሎ ስለሚነሣም የጎረቤት መብራት አያደበዝዝም። ሌላ ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው አምፔር ከ5 እስከ 7 እጥፍ እንደሚስብ አትርሱ፤ የጀነሬተሩ ባለቤት የሚቆጣው በዚህ ነው።

ሲገዛ «መግቢያ 220 ሲንግል ፌዝ፣ መውጫ 220 ስሪ ፌዝ» የሚል ይሁን። የሚታሰረው ሞተርም 220/380 ዓይነት፣ በዴልታ የታሰረ መሆን አለበት። መግቢያው ስሪ ፌዝ የሆነ ኢንቨርተር በሲንግል ፌዝ እንዲሠራ ካስፈለገ ከጉልበቱ ግማሹን ብቻ እንደሚሰጥ አስቡና ከፍ ያለውን ምረጡ። በኢንቨርተሩና በሞተሩ መካከል ማብሪያ ማጥፊያ አታስገቡ፤ ማስነሣትም ማቆምም በራሱ በኢንቨርተሩ ነው። ካፓሲተርም ከሞተሩ ላይ ይነሣ። የኢንቨርተር ጠላቶች ሙቀትና አቧራ ናቸው። የዱቄት ብናኝ በሌለበት ግድግዳ ላይ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይሰቀል።

የሽቦ ነገርም እዚህ ላይ ይነሣ። ከጀነሬተሩ እስከ ቤታችሁ 100 ሜትር ቢሆንና ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ቢሆን፣ 20 አምፔር ሲሄድበት 28 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ከ240 ቮልት 212 ይደርሳል ማለት ነው፤ የሞተሩም ኃይል ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ይቀንሳል። ሲነሣ 40 አምፔር ከሳበ የሚደርሰው 184 ቮልት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ «ካፓሲተሩ አልሠራም» የሚባለው ጥፋቱ የሽቦው ሆኖ ነው።

ትልቅ ወፍጮና ምድጃ

ትልቅ ወፍጮ ለማቆም የምታስቡ ማኅበራት በጥሞና ስሙኝ። 7.5 ኪሎ ዋት የወፍጮ ሞተር በስሪ ፌዝ ከእያንዳንዱ ሽቦ 15 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ያው ጉልበት በሲንግል ፌዝ ይምጣ ቢባል 45 አምፔር ገደማ በአንድ ሽቦ ነው። ካፓሲተሩም ከ500 ማይክሮፋራድ ይበልጣል። ይህን የሚችል የሰፈር መስመር አላየሁም። የወፍጮ ሞተር ደግሞ ሲነሣ ከባዱን መዶሻና መዘውር ስለሚያዞር የመነሻ ኃይሉ የጎደለ ሞተር አይሆነውም። ለእንዲህ ያለው ሥራ አራት ሽቦ ከጀነሬተሩ አስመጡ፤ ካልሆነም በናፍጣ ሞተር በቀጥታ በቺንጋ የሚዞር ወፍጮ ይሻላል። በሌላ አገር ትልቅ ስሪ ፌዝ ሞተርን ያለ ጭነት አስነሥተው ሦስተኛውን ፌዝ ከእርሱ የሚወስዱ አሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ባዶውን የሚዞረው ሞተር የሚበላውን ነዳጅ ማን ይከፍላል?

የዳቦ ምድጃ ግን ከሞተር ይለያል። ውስጡ ያለው የሚግል ሽቦ ስለሆነ ካፓሲተርም ኢንቨርተርም አይፈልግም። ሦስቱ ማሞቂያዎች እያንዳንዳቸው የ220 ወይም የ240 ቮልት ከሆኑ ሦስቱንም በፌዝና በኒውትራል መካከል ጎን ለጎን ማሰር ነው። ጉልበቱ አይጎድልም። ሽቦው ግን ይከብዳል። 6 ኪሎ ዋት ምድጃ በስሪ ፌዝ በየሽቦው 8 አምፔር ገደማ ይወስድ የነበረው፣ አሁን 25 አምፔር በፌዙም በኒውትራሉም ይሄዳል። ሽቦና ብሬከር ለዚህ ይመረጥ። አቅሙ ከሌለ ሁለቱን ማሞቂያ ብቻ አስራችሁ ቀስ ብሎ ይጋገር።

ስለ አደጋ

ይህን ክፍል ተማሪዎቼ በቃላችሁ እንድትይዙት እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ ካፓሲተር ኃይል ያጠራቅማል። ማሽኑ ከመስመር ከተነቀለ በኋላም ሊመታ ይችላል። በካፓሲተሩ ጫፎች መካከል ማፍሰሻ ሬዚስተር በቋሚነት ይታሰር። ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ በቴስተር ለኩ። በካቻቢቴ አገናኝቶ ማንጫጫት ዓይንን ያጠፋል። ኢንቨርተርም ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቆይ ክዳኑ አይከፈት።

ሁለተኛ፣ የሞተሩ አካል በመሬት ሽቦ ይታሰር። የቱርካና አሸዋ ደረቅ ስለሆነ አጭር ብረት ቀብሮ «ኧርዝ አለን» ማለት ራስን ማታለል ነው። ረጅም ብረት ይቀበር፤ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ብሬከርም ይግባ። ይህ ብሬከር እንዲሠራ የጀነሬተሩ ኒውትራል በጀነሬተሩ ዘንድ ከመሬት ጋር የታሰረ መሆን አለበት። ባለቤቱን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ፊዩዝ ሽቦን ያድናል እንጂ ሞተርን አያድንም። ለሞተር በአምፔሩ ልክ የተስተካከለ ኦቨርሎድ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ከመስመር ላይ ሥራ የሚሠራው ጀነሬተሩ ጠፍቶ፣ ባለቤቱም አውቆ ነው። ምሰሶ ላይ በስርቆት የተሰካ ሽቦ የጎረቤት ልጅ ሊገድል ይችላል።

ከተሰብሳቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

አንዲት እናት፦ «የእኛ ሞተር ያጉረመርማል እንጂ አይነሣም። ልጁ ቺንጋውን በእጁ ሲያዞርለት ግን ይነሣና ይሠራል። እንዲህ ብንቀጥል ምን አለበት?»

መልስ፦ እናቴ፣ ጥያቄዎ ብዙ ሰው ያድናል። ያ ሞተር ካፓሲተሩ ተበላሽቷል ወይም ሽቦው ተቆርጧል። በእጅ ተነሥቶ ሲዞር የሚሠራው በአንድ ፌዝ ብቻ ስለሆነ ጭነት ሲገባበት በጥቂት ጊዜ ይቃጠላል። ከሁሉ በላይ ግን የልጁ ጣት ነው። ቺንጋው ሲይዝ አይለቅም። ሞተር ካጉረመረመ ከሦስት ሴኮንድ በላይ አይቆይ፤ ወዲያው ይጥፋ። ልጁም ዳግመኛ እንዳይነካው ይከልክሉት።

አንድ ወጣት፦ «ከተበላሸ ቴሌቪዥን ወይም ከጣሪያ ማራገቢያ የወጣ ካፓሲተር አይሆንም?»

መልስ፦ የቴሌቪዥኑ ለቀጥተኛ ኃይል የተሠራ ስለሆነ በተለዋዋጭ ኃይል ላይ ይፈነዳል፤ በጭራሽ አይሞከር። የማራገቢያው ዓይነቱ ደህና ቢሆንም መጠኑ ጥቂት ማይክሮፋራድ ብቻ ነው። ስንት ማራገቢያ ፈትተህ 80 ትሞላለህ? የፍሪጅ ማስነሻ ካፓሲተርም ለሴኮንዶች ብቻ የተሠራ ነው። ትክክለኛውን ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ብትገዛ ይሻላል።

አንድ አዛውንት፦ «ሞተሩን ለሲንግል ፌዝ አስጠቅልለን ብንገላገልስ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ መጠምጠሚያው ከተቃጠለ በኋላ ከሆነ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። የሚጠቀልለው ባለሙያ ለ220 ቮልት ዴልታ እንዲሆን አድርጎ ሊጠቀልለው ይችላል። ጤነኛ ሞተር ፈትቶ ማስጠቀለል ግን ወጪው ያገለገለ ሲንግል ፌዝ ሞተር ሊገዛ ይችላል። ሁለቱንም ዋጋ ጠይቀው ያነጻጽሩ። ማሽኑን ትቶ ሞተሩን ብቻ መለወጥ ብዙ ጊዜ ከሁሉም መንገድ ርካሹ ነው።

አንዲት የማኅበር ገንዘብ ያዥ፦ «እኛ ኤሌክትሪክ አናውቅም። ዕቃውን ስንገዛ ምን ብለን እንጠይቅ?»

መልስ፦ አራት ጥያቄ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ጉልበቱ ስንት ኪሎ ዋት ነው? በታርጋው ላይ ትንሹ ቮልት 220 ወይም 240 ነው? ክዳኑ ሲከፈት ስድስት ብሎን አለው? ሥራው የሚፈልገው ጉልበት ሲሶው ቢጎድልበትም ይበቃል? ለአራቱም መልስ ካላገኛችሁ ገንዘቡ በቦርሳችሁ ይቆይ። ሻጩ በእኛ ፊት አስነሥቶ ቢያሳያችሁም፣ ያሳያችሁ በእርሱ ስሪ ፌዝ መሆኑን አትርሱ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በእቁብ የተጠራቀመ ገንዘብ የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ ዕጣ ሲወጣለት ሌሎቹ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ስለዚህ ማሽን ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት የታርጋውን ጽሑፍ በወረቀት ገልብጣችሁ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍላችን አምጡ። ተማሪዎቹ በእኔ ተቆጣጣሪነት ያሰሉላችኋል፤ የሚከፈል ነገር የለም። እነርሱም ይማሩበታል፤ እናንተም ገንዘባችሁን ታድናላችሁ።